ጠያቂ ያጡ አማካሪ

የሹም ሽር ዜና በተነገረ ማግሥት አዲስ አበባ ውስጥ ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ ይሆናል። አዲስ የተሾሙትን የሚያነሣ ብዙ የለም። ጥያቄው ሁሉ የተነሡት ወዴት ይሄዳሉ የሚል ነው። «በሌላ ኃላፊነት ይመደባሉ» ከተባለ መንገዱ ሁለት እንደሆነ አገር ያውቃል፤ ወይ አምባሳደርነት ነው፣ ወይ አማካሪነት። አምባሳደርነት አውሮፕላን ያሳፍራል። አማካሪነት ዝም ብሎ ያሳፍራል።

ይህን የምለው በሙያው ላይ ቂም ይዤ አይደለም። እንዲያውም በመሥሪያ ቤቶቻችን ካሉት የሥራ መደቦች ሁሉ የምቀናው በዚህኛው ነው። «ሚኒስትር» አንድ ቃል ነው፤ ስልኩ ዕረፍት አያውቅም። «ሚኒስትር ዴኤታ» ሁለት ቃል ነው፤ ስልኩ አልፎ አልፎ ትንፋሽ ያገኛል። «በሚኒስትር ዴኤታ ማዕረግ የስትራቴጂክ ጉዳዮች ከፍተኛ አማካሪ» ላይ ስንደርስ ስልኩ ለጌጥ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። የደወሉት ከንብረት ክፍል ነበር፤ ክቡርነታቸው የተቀመጡበት ወንበር ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት እንደሆነ ለማረጋገጥ።

ቢሮው ከኮሪደሩ መጨረሻ አይጠፋም። ሰፊ ነው፤ ባንዲራ አለው፤ ለስድስት ሰው የሚበቃ የስብሰባ ጠረጴዛ አለው፤ የጎደለው ተሰብሳቢ ብቻ ነው። ጸሐፊዋን ከሕዝብ ግንኙነት ጋር ይካፈሏታል። መኪናዋ ኮድ 4 ናት፤ ብዙውን ቀን ግን «ለአስቸኳይ የመስክ ሥራ» ተብላ ስለምትወሰድ ክቡር አማካሪ ወደ ቤት የሚሄዱት በሰርቪስ ነው። መደርደሪያው ላይ የአገሪቱ ዕቅዶች በየዘመናቸው ቆመዋል፦ ፓስዴፕ፣ የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ሁለተኛው፣ ከዚያም ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቀው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ። ጥራዞቹ ንጹሕ ናቸው፤ ብዙ እጅ አልነካቸውም። ጨርሶ ለተሰናበተ ሹም አዋጅ ቁጥር 653/2001 አለለት፤ ስለ ስንብት ክፍያው፣ ስለ መኖሪያ ቤቱ፣ ስለ ተሽከርካሪው ይናገራል። ወደ አማካሪነት የተዘዋወረን ሰው ጠዋት ጠዋት ማን ሰላም እንደሚለው የሚደነግግ አንቀጽ ግን እስካሁን አልወጣም።

ከላይ ከወረዱት ሌላ ከውጭ የመጡም አሉ። እነዚህ ወጣቶች ናቸው፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አውሮፓ ጨርሰው የተመለሱ፣ ላፕቶፓቸው ቀጭን፣ ስላይዳቸው በቀስት የተሞላ። በመጀመሪያው ወር ሁሉንም ነገር ሊለውጡ ይመጣሉ። በሦስተኛው ወር የጥንካሬ፣ የድክመት፣ የመልካም አጋጣሚና የሥጋት ትንተናውን ያቀርባሉ፤ «ድክመት» የሚለው ዓምድ በሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ያጥርና «ሥጋት» የሚለው ይረዝማል፤ ሥጋት ከውጭ ስለሚመጣ ማንንም አያስቀይምም። ዓመት ሲሞላቸው ወይ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይቀጥራቸዋል፣ ወይ ከኮሪደሩ መጨረሻ ካሉት ሽማግሌ ጋር ቡና መጠጣት ይጀምራሉ።

አማካሪ መሆን አዲስ የአሠራር ማሻሻያ በመጣ ቁጥር እምነትን መለዋወጥንም ይጠይቃል። በቢፒአር ጊዜ «መዋቅሩ ከሥር ተነቅሎ እንደገና መሠራት አለበት» ብለው የሰበኩ ሰው፣ ቢኤስሲ ሲመጣ ንስሐ ገቡ፤ የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ሲቋቋም ደግሞ ቆረቡ። «ትንሽ በትንሽ ማሻሻል ነው እንጂ ከሥር መንቀል ምን የሚሉት ድፍረት ነው!» ይሉ ነበር፣ ከሥር ነቃዮቹን እየወቀሱ። ኋላ ዴሊቨሮሎጂ የሚባል መጣ። እሱንም አመኑበት። የመሥሪያ ቤቱ ራዕይ ግን በዚህ ሁሉ መሐል አልተናወጠም፤ በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈ ነው። ራዕዩ ሊሳካ የተባለበት ዓመተ ምሕረት ሲቃረብ ቁጥሩ ብቻ ይላጥና አዲስ ይለጠፋል።

አንድ ወዳጄ የነገረኝን ላውጋችሁ። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም ተዉት። ይህ ወዳጄ አማካሪ በተባለ ሰሞን የመሥሪያ ቤቱን ዋና ችግር አጥንቶ አርባ ገጽ የመነሻ ሐሳብ ጻፈ። ሚኒስትሩ ዳር ላይ «ለሚመለከተው» ብለው መሩት። የሚመለከተው ማን እንደሆነ ስላልተጻፈ መዝገብ ቤት ለዕቅድና በጀት ዳይሬክተሩ ላከው። ዳይሬክተሩ «ታይቶ ይቅረብ» ብሎ ለቡድን መሪው መራው፤ ቡድን መሪው «ለባለሙያ» አለ። ባለሙያዋ ብልህ ልጅ ናት። አርባ ገጽ ከምታነብ መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ጻፈችና በመጣበት መንገድ መለሰችው፦ «ሰነዱ ስትራቴጂክ ይዘት ያለው በመሆኑ ከፍተኛ አማካሪው አስተያየት ቢሰጡበት።» ከቡድን መሪ ወደ ዳይሬክተር፣ ከዳይሬክተር ወደ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ወጣ። ሚኒስትሩም በአረንጓዴ እስክሪብቶ «እስማማለሁ» አሉበት።

ወዳጄ አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ፋይል አገኘ፤ የመጀመሪያው ሥራ! ገልጦ ሲያየው የራሱ ጽሑፍ ነው።

«ታዲያ ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ምን አደርጋለሁ? አነበብኩታ። በጣም ጥሩ ሰነድ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ ደግፌ ብጽፍ አላነበበውም ይሉኛል፤ ስለዚህ ‹በአግባቡ የተዘጋጀ ቢሆንም ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል› ብዬ መለስኩት።»

ተጨማሪ ጥናቱን እንዲያጠና ደብዳቤ የደረሰው ለእሱ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በዓመቱ መሥሪያ ቤቱ በለጋሽ ገንዘብ የውጭ አገር አማካሪ ድርጅት ቀጠረ። ድርጅቱ የላካቸው ሁለት ፈረንጆች መጀመሪያ ያነጋገሩት ወዳጄን ነው። ደስ ብሎት አርባውን ገጽ ከነአባሪው ሰጣቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል የምክክር መድረክ ተዘጋጀና፣ ውሎ አበል ያልቀረበት ሰው ሁሉ ተገኝቶ፣ አርባው ገጽ በእንግሊዝኛና በባለቀለም ክብ ምስሎች ቀረበ። ሚኒስትሩ ተነሥተው፣ «እስከ ዛሬ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። ወዳጄም አጨበጨበ። አጠገቡ የተቀመጠችው ያች ብልህ ባለሙያ ግን ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይኼን ነገር የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ ልበል?» አለችው።

ለፈረንጅ አማካሪ ያለን ጆሮ አዲስ አይደለም፤ ግን ድሮ ቢያንስ ፈተና ነበረው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ሲገባ፣ ምኒልክ ስለ ስትራቴጂ ከመጠየቃቸው በፊት እስቲ ጫማ ሥራልኝ ብለውት ነበር ይባላል። ሰውዬው ሠራ። ከዚያ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሳበ፤ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሥራው ፈቃድ ተሰጠው። የመንግሥት አማካሪ የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በ1889 ዓ.ም. ነው፤ ከመጣ ከ18 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሥራው ቀድሞ ማዕረጉ ተከተለ። ዛሬ ማዕረጉ ይቀድማል፤ ሥራው ገና በመንገድ ላይ ነው። አንዳንዴ ክቡራን አማካሪዎቻችንን ሳይ እያንዳንዳቸው ከሹመት በፊት አንድ ጥንድ ጫማ ይሥሩ ቢባል ምን ይመጣ ይሆን እላለሁ። ቢያንስ መርካቶ አንድ ሰሞን ትረክስ ነበር።

ከኢልግ ወዲህ የአማካሪ ጉዳይ የሉዓላዊነት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል። ከጣሊያን ወረራ በፊት በገንዘብ ጉዳይ አሜሪካዊው ኤቨረት ኮልሰን አፄ ኃይለ ሥላሴን ያማክር ነበር። ከነጻነት በኋላ በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ስምምነት ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ከእንግሊዞቹ ሌላ የውጭ አማካሪ ስትፈልግ ቀድማ እንግሊዝን ማማከር ነበረባት። አማካሪ ለመቅጠር የሚያማክር! ጃንሆይ ይህ ስላልተዋጠላቸው ቀዳዳ ሲፈልጉ ቆይተው፣ በጦርነቱ ዘመን ያገለገላቸውን አሜሪካዊውን የሕግ ሰው ጆን ስፔንሰርን መልሰው አመጡትና ለብዙ ዓመታት ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አማከረ። ያን ጊዜ አማካሪ ማለት ሁለት መንግሥታት የሚጨቃጨቁበት ሰው ነበር። አሁን የሚጨቃጨቁበት ጽሕፈት ቤቱና ስምሪት ክፍሉ ናቸው፤ እሱም በመኪናው ነው።

ለሚኒስትሮቹም እንፍረድ። የኛ አገር ሹም ምክር የማይጠይቀው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። መጠየቅ አለማወቅን ማሳየት ይሆንበታል። የተጻፈ ምክር ደግሞ ከዚያ የባሰ አደገኛ ነው፤ ነገ ነገሩ ሲበላሽ «ቀድመን ነግረናቸው ነበር» የሚል ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ምክር የሚጠየቀው ሰው በተሰበሰበበት፣ መልሱ በታወቀበት ሰዓት ነው።

«እስቲ በዚህ ላይ አማካሪዬ ምን ይላሉ?»

«ክቡር ሚኒስትር ቀደም ሲል በጥልቀት እንዳነሡት...»

ክቡር ሚኒስትሩ ገና ምንም አላነሡም ነበር። ማንም ግን አልሳቀም፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም «በጥልቀት» የሚለውን ሳይቀር ጻፈው። ከዚህ የተለየ ነገር የተናገሩ አንድ አማካሪም አውቃለሁ። «ይህ ፕሮጀክት በጀት ያገኛል፣ ውሃ ግን አያገኝም» አሉ። ለቀጣዩ ስብሰባ የጥሪ ደብዳቤያቸው መዝገብ ቤት ጠፋ። ለተከታዩም ጠፋ። መዝገብ ቤታችን ዝርክርክ ነው የሚሉ ሰዎች እንዴት መርጦ እንደሚያጠፋ አላዩም። ሪፖርተር ጋዜጣ «ክቡር ሚኒስትር» በሚለው ዓምዱ ሚኒስትርና አማካሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ ያስነብበናል። ሹፈት ነው ይባላል። እኔ ግን ተስፈኛ ጽሑፍ ነው እላለሁ፤ እዚያ አማካሪው ይናገራሉ፣ ሚኒስትሩም ይመልሱላቸዋል።

የድሮ ገዢዎች ስትራቴጂክ ዳይሬክቶሬት አልነበራቸውም። ነገር ሲጠረጥሩ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። እረኛ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ስለዚህ የሚዘፍነው ያየውን ነው። የዛሬው እረኛ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ ላይ አድሯል፤ የጤፍ ዋጋ በየገበያው ስንት እንደገባ ያውቃል፤ ሠራተኛው ስለ አዲሱ መዋቅር ሰርቪስ ውስጥ ምን እንደሚል ይሰማል። ሚኒስትሩን በየቀኑ ከቤት ቢሮ የሚያመላልሰውም እሱ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ግን መንገዱን ሁሉ በስልክ «ስትራቴጂክ አቅጣጫ» እየሰጡ ስለሚሄዱ አንድም ቀን ቀና ብለው፣ «አንተ፣ ሰዉ ምን ይላል?» ብለው አያውቁም።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። መከራ የደረጃ ምዘና ወጥቶለት፣ ጠረጴዛና ባንዲራ ተሰጥቶት አልተመደበም እንጂ በመሥሪያ ቤቶቻችን የሚደመጠው ዋናው ከፍተኛ አማካሪ እሱ ነው። ወረፋ አይጠብቅም። ደብዳቤውም መዝገብ ቤት አይጠፋም። ጎርፉ ድልድዩን ሲወስደው፣ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ሲያልፍበት፣ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ «የጥናት ቡድን ይቋቋም» ይባላል። የቡድኑ ሰብሳቢ ማን እንደሚሆን አልነግራችሁም፤ ከኮሪደሩ መጨረሻ ናቸው። አርባው ገጽም አሁንም መሳቢያቸው ውስጥ ነው።

እናንተም ጉዳይ ይዛችሁ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ስትሄዱ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብላችሁ ኮሪደር ላይ ከምትቆሙ የአማካሪውን በር አንኳኩ። ይከፍታሉ። ወንበር አላቸው፣ ጊዜ አላቸው፣ ቡና ያዝዙላችኋል። ጉዳያችሁን እስከ መጨረሻው ይሰማሉ፤ የትኛው አዋጅ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚመለከተውም ሳያገላብጡ ይነግሯችኋል። ፊርማ ግን የላቸውም።