የአርተር ሳል

በእኛ ሰፈር ጌም ማለት ኳስ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ «ታሪክ ያለው ጌም ክፈትልኝ» ብትሉ ባለቤቱ ከእግር እስከ ራስ ያያችኋል። የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል፤ የቤቱ ሕግ ይኸው ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በፈረስ ጋራ ለጋራ የሚዞር ደንበኛ ማን ይታገሣል? ስለዚህ አንድ ወዳጄ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲሄድ «እስክመለስ ያዝልኝ» ብሎ ፕሌይስቴሽኑን ከነሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ሲሰጠኝ ሎተሪ የደረሰኝ መሰለኝ።

ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን በዚያው ዓመት በዘ ጌም አዋርድስ የምርጥ ትረካ ሽልማት ወስዷል። ዘመኑ 1899፣ አገሩ አሜሪካ፤ የሽፍታ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። እኛ አርተር ሞርጋን ነን፤ ደች የሚባል ምላሱ ማር የሆነ የሽፍታ አለቃ ያሳደገው ጉልበተኛ። ከቡድኑ መሀል ስትራውስ የሚባል አራጣ አበዳሪም አለ። እሱ ያበድራል፣ አርተር ያስከፍላል።

ታዘን ቶማስ ዳውንስ ከሚባል ገበሬ ደጅ ደረስን። ሰውዬው ራሱ እያሳለ ለድሆች መዋጮ የሚለምን ምስኪን ነው። ክፈል፤ የለኝም። የምመታበትን ቁልፍ የምጫነው እኔ ነኝ፤ አልመታም ብል ታሪኩ ንቅንቅ አይልም። መታሁት። ደም ያለበት ሳሉን ፊታችን ላይ ሳለብን። ሚስቱና ልጁ ወጥተው ጮኹ፣ እኛም ፈረሳችንን ይዘን ሄድን። እውነቱን ለመናገር ረሳሁት። ስንት ነገር ከዘረፍን በኋላ ነው አርተር ማሳል የጀመረው። ቲቢ!

እኔንና አከራዬን የሚለየን ቺፑድ ነው። አርተር ሌሊት ያስላል፣ እሳቸው ይሰማሉ። መጀመሪያ ዝንጅብል በማር መጣ፤ ጠጣሁ፣ ነጻ ነገር ማን ይጠላል። ቀጥሎ ፌጦ መጣ። ከዚያ ቡና ተጠራሁና ስኒዬ ከረከቦቱ ወርዳ ለብቻዋ በር ሥር ተቀምጣ አገኘኋት።

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም እኮ የሚያስለው። ጌም ነው፤ ሰውዬው ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«አርተር የሚባል ሽፍታ።»

ፊታቸውን አጠቆሩ። «አትፈር ልጄ። ዛሬ መድኃኒት አለው። የወንድሜ ልጅ ስድስት ወር ውጦ አሁን ሚስት አግብቷል።»

ላሳይዎት ብዬ ክፍሌ አስገባኋቸው። ጌሙ ተከፈተ፣ አርተር ፈረሱን አሰረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። አክታ አምጣ ተብዬ ዕቃ ተሰጠኝ። ከየት ላምጣ? ሳሉ ያለው ፕሌይስቴሽኑ ውስጥ ነው። ከብዙ ትግል በኋላ የወጣችው ተመረመረችና ነጻ ተባልኩ። አከራዬ «ስለቴ ሰመረ» ብለው መሬት ሳሙ። አርተር ይድን ይሆን የሚለውን አልጠየቁም።

አይድንም። ሮበርት ኮክ ተህዋሲውን በ1882 አግኝቶታል፤ ቲቢን የሚገድለው ስትሬፕቶማይሲን ግን የተገኘው በ1943 ነው። ሴንት ዴኒስ ከተማ ያለው ሐኪም ለአርተር ከማረፍ ሌላ የሚያዝለት ነገር የለም። ዛሬ በእኛ አገር ግን የመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል።

ዘ ላስት ኦፍ አስ (2013) የሚባለውን ጌም የሚያስበልጡ ጓደኞች አሉኝ። እውነት ነው፣ እዚያም ኤሊ የምትባለውን ልጅ ከሆስፒታል ለማውጣት ሐኪሙን የሚገድለው የተጫዋቹ ጣት ነው፤ በ2023 በወጣው ተከታታይ ፊልም ግን ያንኑ ቁጭ ብለን ነው ያየነው። ለእኔ አርተር ይበልጣል። በሽታው ከዚያች ጡጫ የመጣ መሆኑን ሲረዳ አብሬው ተረዳሁ፤ ከዚያ ወዲህ የዳውንስን ሚስት ፈልገን ረዳናት፣ መንገድ ላይ ላገኘነው ሁሉ ባርኔጣ አነሳን። ጌሙ ክብራችንን እየመዘገበ አሟሟታችንን በዚያው ልክ ይለውጣል። አልቅሻለሁ፤ አከራዬም ሰምተውኛል፣ ምን እንዳሰቡ እግዜር ይወቅ።

እናንተም ልትጫወቱት ካሰባችሁ ማዳመጫ ግዙ።