የፕላውደን ሸለቆ

የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የቀመሰ ሁሉ ፕላውደንን ያውቀዋል። አንዱ መጽሐፍ «ፕላውዴን»፣ ሌላው «ፕሎደን» እያለ ይጻፈው እንጂ ሰውየው አንድ ነው። ዋልተር ቺቸሊ ፕላውደን በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በ1849 ከራስ አሊ ጋር ውል ተዋዋለ፤ ኋላም የቴዎድሮስ ወዳጅ ሆነ። በ1860 ወደ ምጽዋ ሲወርድ ጎንደር አጠገብ ሽፍቶች ወግተው ማረኩት። በገንዘብ ተዋጅቶ ቢለቀቅም ከቁስሉ ሳያገግም ጎንደር ላይ ሞተ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ንጉሡ ደሙን ሊመልሱ በዘመቱበት ውጊያ ሌላው እንግሊዛዊ ወዳጃቸው ጆን ቤልም ወደቀ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሕይወት ቢቆዩ የመቅደላ ነገር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ መልስ ባጣ ጊዜ «ጃንሆይ፣ ትንሽ ይታገሡ» ብሎ የሚመክር፣ እሳቸውም የሚሰሙት እንግሊዛዊ በአጠገባቸው አልነበረም።

ስለ አሟሟቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን ሰንብቶ የያዘኝ ግን ስሙ ነው። ፕላውደን የሚባል ሰው ከእሱ ዘመዶች በቀር በንባቤ ገጥሞኝ አያውቅም። ስሚዝ፣ ጆንስ፣ ብራውን በየገጹ ሲርመሰመሱ ይኼ ስም የት ተወልዶ፣ በማን እግር ጎንደር ድረስ መጣ?

እንግሊዞች የቤተሰብ ስም መያዝ የጀመሩት ከኖርማኖች ወረራ፣ ከ1066 ወዲህ ነው። ልማዱ ከመኳንንቱ ወደ ገበሬው ሲወርድ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። አንዱ የአባቱን ስም ያዘ፤ አንዱ በሥራው፣ ሌላው በመልኩ ተጠራ፤ ብዙው ደግሞ በመጣበት ቦታ። ስሚዝ የሚባል ሰው አያቶቹ የት እንደ ኖሩ ስሙ አይነግረውም፤ ስሚዝ ማለት አንጥረኛ ነው፣ አንጥረኛ የሌለበት መንደር ደግሞ አልነበረም። ከአንዲት ትንሽ ቀበሌ የወጣ ስም ግን ባለቤቱን እጁን ይዞ አገሩ ያስገባዋል። ፕላውደን እንዲህ ያለው ነው። እንግሊዝ ከዌልስ በምትዋሰንበት በሽሮፕሺር ደቡብ ምዕራብ ያለች መንደር ናት፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ጽሑፍ ላይ ትገኛለች። የቦታ ስም የሚያጠኑ ሊቃውንት የጨዋታ ሸለቆ ማለት ነው ይላሉ፤ የአካባቢው ጎረምሳ ተሰብስቦ ጉልበቱን የሚፈትሽበት፣ እኛ ዘንድ ገና የሚመታበትን ሜዳ የመሰለ ስፍራ ነበር ማለት ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። እኅቴ በርሚንግሃም ትኖራለች፤ ልጠይቃት በሄድኩበት ሰሞን አገሩ ሩቅ እንዳልሆነ ካርታ ላይ አየሁ። ሐሳቤን ስነግራት አላማራትም። «የሞተ ፈረንጅ ስም ፍለጋ በዚህ ዝናብ?» አለች። እትዬ እንዲህ ትበል እንጂ ጠዋት ስነሳ ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ሽሩዝበሪ ላይ ባቡር ቀይሬ ክሬቨን አርምስ ወረድኩ። እዚያ የጠበቀኝ ባዶ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው፤ በእሑድ የሚሄድ የለም። ታክሲ ለመጥራት የደወልኩበት ስልክ አይነሳም። በዱሮ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እዚያው ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው ተሻግሬ ፕላውደን ጣቢያ እወርድ ነበር። ከዚህ ተነስቶ በፕላውደን በኩል ቢሾፕስ ካስል የሚደርስ መስመር በ1865 ተከፍቶ እስከ 1935 ሠርቷል። ባለቤቱ ኩባንያ ሥራ በጀመረ በሁለት ዓመቱ ዕዳ በዝቶበት ፍርድ ቤት በሾመለት ሞግዚት እጅ ወደቀ፤ እስኪዘጋም ከዚያ አልወጣም። እንደዚያ ሆኖ ሰባ ዓመት ሰው ማመላለሱ ያስደንቀኛል። እስከ ፕላውደን ያለው መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግሬ ልሄደው ቆረጥኩ።

መኪና መንገዱ ኦኒ የሚባለውን ወንዝ ተከትሎ በሸለቆው ውስጥ ይጠማዘዛል፤ የእግረኛ መሄጃ ግን የለውም። ከባድ መኪና በመጣ ቁጥር ከአጥሩ ቁጥቋጦ ጋር ተጣብቄ እቆማለሁ። ገበሬው በዚህ አገር መሬቱን እንዳልለቀቀ የገባኝ ያኔ ነው፤ ግራና ቀኙ በሙሉ የታጠረ፣ የተጠበቀ እርሻ ነው። በ1890 ሄንሪ ብሩም ጋፒ የሚባል ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ የእንግሊዝን ስሞች አገር ለመፈለግ ሲነሳ የቆጠረው ገበሬዎችን ነበር፤ ከሌላው ሰው ይልቅ በአባቶቹ ቦታ የሚቆየው ገበሬ ነው ብሎ። ልክ ነበር። ዛሬ አጥኚዎች የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ ካርታ ላይ ሲያሰፍሩት፣ ሠላሳ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ከቀረው የብሪታንያ ሕዝብ መካከል ብዙው ብርቅ ስም ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም በተወለደበት ወረዳ ዙሪያ ተከማችቶ ይታያል።

የፕላውደኖች ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። ባለርስትና የተማሩ ሰዎች ስለነበሩ ስማቸው በሕግ፣ በንግድና በመርከብ ተጓዘ። አንደኛው ቅርንጫፍ ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጋር ተቆራኝቶ ቤንጋል ገባ፤ የዋልተር አባት እዚያ ሹም ነበር። ዋልተርም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ካልካታ፣ የባለቅኔው የራቢንድራናት ታጎር አያት ድዋርካናት በመሠረቱት የንግድ ቤት ተቀጠረ። ያን ትቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ስዊዝ ላይ ከጆን ቤል ጋር ተገናኘ፤ ሁለቱ የዓባይን ምንጭ እንፈልግ ተባብለው መንገዳቸውን ወደ እኛ አዞሩ። በ1881 እንግሊዝ ሕዝቧን ስትቆጥር የሕንድን ከ250 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያስቆጠሩት ኮሚሽነርም ሰር ዊልያም ቺቸሊ ፕላውደን ነበሩ።

ከግማሽ መንገድ በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ከላይ፣ መኪናው የሚረጨው ውኃ ከጎን ተባብረው አንድ ደረቅ ክር አላስቀሩልኝም። የግራ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። ስልኬ ውኃ ገብቶበት ጠፋ። በዚህ መሐል የማስበው ሌላውን ፕላውደን፣ ሰር ኤድመንድን ነበር። በ1634 በዛሬዋ ኒው ጀርሲ አካባቢ «ኒው አልቢየን» የሚባል ግዛት በቻርተር ተሰጣቸውና አሜሪካ ተሻገሩ። በ1643 የገዛ መርከበኞቻቸው አምፀው ምግብም ልብስም ሳይተዉላቸው ሰው አልባ ደሴት ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ሌላ መርከብ ባያገኛቸው ኖሮ እዚያው ያልቁ ነበር። ግዛቱም ሳይጨበጥ ቀረ።

ከኋላዬ የመጣ አሮጌ ላንድሮቨር ቆመ። ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ውሻቸውን ወደ ኋላ አባረው «ግባ፣ ልጄ፣ ትሞታለህ!» አሉኝ። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ነዱ። ቀጥለው ስማቸው ፓወል እንደሆነ ነገሩኝ፤ ዌልሶች «አፕ ሃውል» የሚሉት ነው፣ የሃውል ልጅ። ተራዬ ደረሰና ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው።

«የቤተሰባችሁ ስም የትኛው ነው?»

«እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጄ በእኔ ስም ይጠራል፤ የልጅ ልጄ በልጄ።»

«እንዲያማ ከሆነ ከእኛ ጋር አንድ ናችሁ» አሉ በደስታ። «ዌልሶች እከሌ፣ የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ ልጅ እያሉ እስከ ስንት ትውልድ ይቆጥሩ ነበር። እንግሊዝ ጸሐፊዎች ናቸው አንዱ ላይ ቁም ያሉን።»

እውነታቸውን ነው። ዌልሶች የቤተሰብ ስም የያዙት ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ፣ በአንዳንድ ወረዳ ከዚያም ዘግይተው ነው። እሑድ አውቶቡስ ባለመኖሩ አገኘኋቸው እንጂ ይህን በዚህ መልክ የሚነግረኝ ሰው ከየት አገኝ ነበር!

ፕላውደን ስንደርስ መኪናቸውን ዳር አስያዙልኝ። መንደሯ ጥቂት ቤቶች ናት። በሰሜን በኩል ሎንግ ሚንድ የሚባለው ረጅም ተራራ ጭራውን ያሳርፋል። በማዶው ጫካ ውስጥ የፕላውደኖች መኖሪያ፣ በእንጨት ማዕቀፍ የተሠራው የኤልሳቤጥ ዘመን ቤት አለ። «የግል ቤት ነው፤ ከመንገድ አይታይም» አሉኝ። ከመኪናው ወርጄ ሸለቆውን አየሁት። ጠባብ፣ አረንጓዴ፣ በግ የተበተነበት ነው። ከቤተሰቡ የታወቀው ሕግ ዐዋቂ ኤድመንድ ፕላውደን በ1518 ተወልዶ ያደገበት አገር ነው። በለንደን የሚድል ቴምፕልን ታላቅ አዳራሽ ያሠራው እሱ ነበር፤ በ1602 የሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛዋ ሌሊት» የተጫወተችው በዚያ አዳራሽ ነው። ካቶሊክነቱን ቢተው ንግሥት ኤልሳቤጥ ከፍተኛውን የዳኝነት ሹመት ልትሰጠው ነበር፤ እንቢ አለ ይባላል። ሹመቱ የወሬ ቢሆንም ሃይማኖቱን አለመተዉ የታወቀ ነው። ጎንደር ውስጥ በጦር ቁስል ከሞተው ሰው ጋር ይህን ሸለቆ አንድ ላይ ሳስበው ሆዴ ተላወሰ። አገራችን ስሙን የምታውቀው ሰውየው ስለሞተባት ነው፤ እኔ ደግሞ ስሙ በሕይወት ያለበት ቦታ ቆሜያለሁ።

ሊድበሪ ኖርዝ የሚባለው ደብር ወሰዱኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የፕላውደኖች ጸሎት ቤት አለ፤ በ1191 የዓኮ ከበባ ላይ ተማርኮ የነበረ ሮጀር የሚባል ፕላውደን በሰላም ብመለስ ብሎ ተስሎ ያሠራው ነው ይላሉ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፍ ያዡን ፍለጋ ሦስት ቤት አንኳኩተን አላገኘንም። ከዚያ ወደ እርሻቸው ወሰዱኝና ባለቤታቸው ደረቅ ካልሲና ትኩስ ሾርባ ሰጡኝ። የመጨረሻው ባቡር አምልጦኛል። በቤት ስልካቸው እትዬን ስደውልላት ድምፄን ሰምታ አለቀሰች፤ ከቀትር ጀምሮ ስትደውል ውላለች። ባለቤቷን ጋሼንና ልጇን መኪና አስይዛ ላከችልኝ።

ወደ በርሚንግሃም ስንመለስ የምናወራው ሌላ ነገር አልነበረም። የእኅቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች። ፕላውደን የሚባሉ ሁሉ ዘመዳማቾች ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ያወጡትን ጥናት ነገርኳት፤ ከአርባ የቤተሰብ ስሞች የተውጣጡ የ1,678 ወንዶችን ዋይ ክሮሞዞም፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን፣ መርምረው፣ ስሚዝን በመሰሉ ስሞች ዘንድ ዝምድና አጡ፤ ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ግን ብዙዎቹ ከአንድ አባት የወረዱ ሆነው ተገኙ። ይሁን እንጂ ደም ብቻውን ስምን አያስረዳም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ በደቡብ ካሮላይና፣ ፕላውደን ከሚባሉት ብዙዎቹ ጥቁሮች ናቸው፤ አያቶቻቸው በባርነት ተይዘው የጌታው ስም የወረደባቸው። ከዚያ በኋላ ስሙን በራሳቸው ልፋት፣ በራሳቸው ትምህርትና በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የራሳቸው አድርገውታል። የሽሮፕሺሩ ሸለቆ የእነሱም ታሪክ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የስሙን ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነሱን ከዘለለ ግማሹን ዘለለ።

ጋሼ ዝም ብለው ሲነዱ ቆይተው «የእኛስ ልጆች?» አሉ። የሚሉት ገባኝ። እንግሊዝ አገር ሲገቡ አንድ ቢሮ የአባታቸውን ስም፣ ገብረ መስቀልን፣ ከሁለት ቆረጠው፤ «ገብረ» መሐል ገባ፣ «መስቀል» የቤተሰብ ስም ሆነ። ልጆቹ በትምህርት ቤት የመስቀል ልጆች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ብርቅ የቤተሰብ ስም ዛሬም በየቢሮው እየተወለደ ነው፤ የ13ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊ በሰማው ድምፅ እንደ ጻፈው ሁሉ የዛሬውም ባየው ባዶ ቦታ መሠረት ይከፍለዋል። እንዲህ ያለው አዲስ ስም ደግሞ በቀላሉ ይጠፋል። ፍራንሲስ ጋልተን በ1873 የቤተሰብ ስም እንዴት እንደሚጠፋ ጥያቄ አቅርቦ፣ ቄሱ የሒሳብ ሊቅ ሄንሪ ዋትሰን መልሱን አብሮት በ1874 አሳተመ። ስም በወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ፣ በአማካይ ከአንድ የማይበልጥ ወንድ ልጅ የሚወለድበት ስም ውሎ አድሮ መጥፋቱ አይቀርም፤ ከአንድ በላይ ሲወለድም ገና በጥቂት ቤት ሳለ የመጥፋት ዕድሉ ትልቅ ነው።

«ሒሳቡ ሴት ልጅ አትቆጥርም?» አለች ልጅቱ።

«አይቆጥርም። ያኔ ስሙን የሚያወርደው ወንድ ብቻ ነበር።»

«እንግዲያው እኔን ይቁጠሩ። ግን መስቀልን ብቻ አይደለም፤ ሙሉውን ነው የማወርደው።»

ጋሼ አባታቸውን አንስተው ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ። አዛውንቱ ስማቸው ተቆርጦ መጻፉን ሳይሰሙ ነው ያረፉት። በእንግሊዝ አገር ስም ለማስተካከል ዲድ ፖል የሚባል ሰነድ መፈረም ይበቃል፤ ልጅቱ ከመመረቋ በፊት ከተፈረመ ዲግሪዋ ላይ «ገብረመስቀል» ተብሎ፣ ሳይከፈል ይወጣል። ሰኞ ማታ ቅጹን አብረን ልንሞላው ተስማማን፤ ታናሽ ወንድሟንም እንዲፈርም የማሳመኑን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ።