በምስጋና ሠራተኛን የማዳከም ጥበብ፦ ለኃላፊዎች የተዘጋጀ አጭር መመሪያ

ሠራተኛን በቁጣና በቅጣት ማዳከም ማንንም የማይሳነው ችሎታ ሲሆን፣ በምስጋና ማዳከም ግን ልምድን፣ ትዕግሥትንና ከሁሉም በላይ የተሠራውን ሥራ ፈጽሞ ላለማየት መጽናትን ይጠይቃል። ዕውቅና፣ ማለትም አንድ ሰው ያከናወነውን ተግባር አይቶና ዋጋውን ለይቶ በግልጽ መመስከር፣ ሰውን ለሥራ ከሚያነሣሡ ነገሮች አንዱ መሆኑ ከተጠና ቆይቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ በፒትስበርግ አካባቢ ሁለት መቶ ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኞቹ በሥራቸው የተደሰቱባቸውን ጊዜያት ሲያስታውሱ ከስኬት ቀጥሎ ደጋግመው ያነሡት ዕውቅናን ነበር። ይህን ኃይል ማምከን የሚሻ ኃላፊ ታዲያ ምስጋናን መከልከል አያስፈልገውም፤ ባዶውን ማደል ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ደንብ ምስጋናን ከተግባር መነጠል ነው። የተበላሸውን የሒሳብ መዝገብ እያመሸች ያስተካከለችው ባለሙያና ስብሰባውን በእንቅልፍ ያሳለፈው ባልደረባዋ «ሁላችሁም በርቱ» በሚል አንድ ቃል ሲጠቃለሉ፣ እርሷ ድካሟ እንዳልታየላት፣ እርሱም ስንፍናው እንዳልታወቀበት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳሉ። መልእክቱ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድን ከአበባ ሥዕል ጋር ቢለጠፍ ደግሞ ሁሉም በየፊናው «አሜን» ብሎ ስለሚያልፍ፣ ማን ለምን እንደተመሰገነ የሚጠይቅ አይኖርም።

ሁለተኛው ደንብ ጊዜን ይመለከታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 የሚዘጋ በመሆኑ፣ በጥቅምት የተሠራ መልካም ሥራ እስከ ዓመቱ መዝጊያ ቢቆይ ሠሪው ራሱ ይረሳዋል፤ ያን ጊዜ ማመስገን ለኃላፊውም ለሠራተኛውም ስሜት አልባ ይሆናል። ለሚታገሥ ኃላፊ ግን ከዚህም የተሻለ አጋጣሚ አለ፤ እርሱም የሽኝት ፕሮግራም ነው። ሠራተኛው የመልቀቂያ ደብዳቤውን ካስገባ በኋላ፣ ለስላሳና ኬክ በቀረበበት አዳራሽ፣ የመሥሪያ ቤቱ ምሰሶ እንደነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል፤ ጋቢ ይለብሳል፣ የግድግዳ ሰዓት ይቀበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በማግሥቱም አዲሱ ቀጣሪው ዘንድ ሥራ ይጀምራል።

ሦስተኛው ደንብ የምስክር ወረቀትን ይመለከታል። ተስማሚው ዓይነት «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ከሚለው ሐረግ በኋላ አስተዋጽኦው ምን እንደሆነ የማይገልጽና የስም ቦታው ክፍት ሆኖ በብዛት የታተመው ነው። «ኮከብ ሠራተኛ» የሚለው ማዕረግም ከየሥራ ሂደቱ አንድ ሰው በሚል ኮታ ቢታደል፣ ባለፈው ዓመት ያልደረሰው ዘንድሮ እንዲደርሰው ስለሚደረግ፣ ምርጫው ከእቁብ ዕጣ የተለየ ትርጉም አይኖረውም። ሽልማቱን አስቀድሞ ማስታወቅም ጥቅም አለው። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ ሥዕል መሥራት የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ተነግሯቸው ከሣሉ በኋላ፣ በነጻ ጊዜያቸው ለሥዕል የነበራቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኝቷል፤ ያው ወረቀት ሳይጠብቁት የተሰጣቸው ልጆች ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ውስጣዊ ተነሣሽነትን፣ ማለትም ሰው ሥራውን ለራሱ ለሥራው ሲል እንዲወድ የሚያደርገውን ግፊት፣ ለማዳከም የሚሻ ኃላፊ ሽልማቱን የሥራው ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ይኖርበታል።

አራተኛው ደንብ ሥራውን ትቶ ሰውየውን ማወደስ ነው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በጥረታቸው ሳይሆን በብልህነታቸው የተመሰገኑ ተማሪዎች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ከተሳሳቱ በኋላ ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል፣ ውጤታቸውም ዝቅ ብሏል። ጥናቱ በልጆች ላይ የተደረገ ቢሆንም፣ ትጉ ኃላፊ ትምህርቱን ለአዋቂዎች ከማዋል አይቦዝንም፤ አንዱን ባለሙያ በየስብሰባው «ሊቃችን» እያለ ቢጠራው፣ ባለሙያው ይህን ስም እንዳያጣ ሲል የማይሆንለትን ሥራ ከመሞከር ይቆጠባል፣ ሌሎቹም ሥራውን ለሊቁ ትተው ያርፋሉ።

አምስተኛው ደንብ ምስጋናን የሸክም መግቢያ ማድረግ ነው። ጎበዝ የተባለ ሠራተኛ ወዲያው የሰነፉ ድርሻ ከተጨመረለት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጉብዝናውን በጥንቃቄ ይደብቃል። በግምገማ፣ ማለትም የሠራተኛው ጠንካራና ደካማ ጎን በጉባኤ ፊት በሚዘረዘርበት ልማድ፣ ጠንካራው ጎን በአንድ መስመር ታልፎ ደካማው ግማሽ ቀን ቢወስድ መልካም ነው። በሪፖርት ደግሞ የተሳካው ሁሉ «በአመራሩ የቅርብ ክትትል» የተገኘ ተብሎ፣ ያልተሳካው «በፈጻሚው የአመለካከትና የክህሎት ክፍተት» የመጣ ተብሎ መጻፍ አለበት፤ እንዲህ ሲሆን ምስጋና ወደ ላይ፣ ወቀሳ ወደ ታች ያለ እንቅፋት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ የሚያደርግ አንድ አደጋ ግን አለ። ኃላፊው በማንኛውም ተራ ማክሰኞ ከቢሮው ወጥቶ፣ ባለሙያዋ ያዘጋጀችውን ሰነድ አንብቦ፣ አንድ የግዥ ክፍያ ሁለት ጊዜ መመዝገቡን አግኝታ ማረሟ ተቋሙን ከኦዲት ግኝት እንዳዳነው በሁለት ዐረፍተ ነገር ቢነግራት፣ መመሪያው በሙሉ ይፈርሳል። ባለሙያዋ ሥራዋ መታየቱን ታውቃለች፤ የሰሙ ባልደረቦቿ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈለግ ያለ ሥልጠና ይማራሉ፤ ይባስ ብሎም ያው ኃላፊ በሌላ ቀን ስሕተቷን ሲነግራት፣ በጎውን ለይቶ ያየ ሰው ነውና ታምነዋለች። እንዲህ ያለው ምስጋና ግዥ፣ ኮሚቴና ቃለ ጉባኤ ስለማያስፈልገው በጀት በመከልከል ሊገታ አይችልም፤ ብቸኛው መከላከያ ኃላፊው ሥራውን እንዳያነብ ማድረግ ሲሆን፣ ለዚህም የስብሰባ ብዛት እስካሁን አስተማማኝ ሆኖ ተገኝቷል።