ሬንጁ ሲሞቅ ታንከሩም ይረዝማል!

«ሠላሳ ቶን ሬንጅ ጭኖ የተጋደመ ታንከር ወዴት ይሄዳል?» አለኝ አምበር ከተማ ላይ አንድ በያጅ።

የትም አይሄድ፣ ይረዝማል እንጂ! 10 ሜትር ብረት ከ20 ወደ 160 ዲግሪ ሲሞቅ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቦታ ካልሰጠኸው ቡሎኑን በጥሶ ያገኘዋል።

«ሁለቱንም እግር ጥርቅም አድርጌ አስሬዋለሁ።»

አንዱን እሰር፣ አንዱን ልቀቅ። የሚለቀቀው እግር ቀዳዳው በታንከሩ ርዝመት ሞላላ ይሁን። ዳዶው በልክ ይያዝ፣ ሁለተኛ ዳዶ ይቆልፈው።

«ሞላላማ አለው!»

አየሁት እኮ። ቡሎኑ ሞላላው ጫፍ ላይ ተለጥፏል፤ ሥሩን ዝገትና ቀለም አጣብቀውታል፤ የእግሩ ብየዳ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ጀምሯል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ባይኖር ይሻል ነበር፤ ሰው አምኖት ይተኛል።

«እሺ፣ እግሩ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሰበቃ ስንት ቢሆን ነው?»

እንቁጠራ! ሠላሳው ቶን ለሁለት እግር ሲካፈል 15፣ 15 ነው። ደረቅ ብረት በብረት ላይ ሲፋተግ 0.4 ብንይዝለት 6 ቶን ይገፋል። ያ ግፊት የታሰረውንም እግር ይፈትነዋል። ዝገት ሲበላው ደግሞ ይብሳል። ለሙቀቱ የሚሆን የቴፍሎን ሰሌዳ ብታነጥፍለት ግን፣ በ0.1 ሂሳብ፣ ወደ 1.5 ቶን ይወርዳል።

«መቀመጫውን ባጠብበውስ?»

ሰበቃው አይቀንስም። ፈረንሳዊው አሞንቶን በ1699 (እንደ አውሮፓውያን) ይህንኑ ተናግሯል፤ ወሳኙ ክብደቱ ነው፣ ስፋቱ አይደለም። አጥብበህ የምትጎዳው ላሜራውን ነው።

«ሰበቃው ይህን ያህል ጉልበት ካለውማ የቦቴውንም ታንከር ሻንሲው ላይ እሱው ይያዝልኝ!»

በዚህስ አልስማማም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ቁልቁል የሚወርድ ቦቴ ፍሬን ሲረግጥ ጭነቱ ወደፊት ይገፋል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ታንከሩ መቀመጫው ላይ ለቅጽበት ይቀላል፤ ክብደቱ ሲቀል ሰበቃውም አብሮ ይከዳሃል። ሲገፋህ ከፍ አድርገህ ቁጠረው፤ ይይዝልኛል ስትል ግን ዜሮ በለውና መያዣውን ለቡሎንና ለማገጃ ስጥ።

«ለአንድ ሰበቃ ሁለት ሂሳብ?»

አዎ፣ ሁለት! ሾፌሩና ረዳቱ የተቀመጡት ከታንከሩ ፊት ነው።