ሞተርን በዘይት የመግደያ መንገዶች

መኪናዎ ዕድሜዋ እንዲያጥር፣ ሞተሯም ያለጊዜው ወርዶ ጋራዥ ወለል ላይ እንዲበታተን ከፈለጉ የሚከተለውን ምክር አንድ በአንድ ይፈጽሙ። ትክክለኛው ምክር ከመኪናዋ ጋር በመጣው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስንት ዓመት ተጽፎ ኖሯል፤ የሚገልጠው ግን የለም። ስለዚህ የጥፋቱን መንገድ እስከ መጨረሻው ልንገርዎት፤ በየእርምጃው ሞተሩ ውስጥ የሚሆነውንም አልደብቅዎትም። ጉዳዩ ያንገበግበኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ የገዛ ያውቀዋል። አንድ ያረጀ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ለብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው። ያ ጥሪት በሦስትና በአራት ሊትር ዘይት ጉዳይ ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል።

እንግዲህ ዘይት ሲገዙ የሞተርዎን ዓይነት አይናገሩ። ሱቁ በር ላይ ቆመው «ጥሩ ዘይት አለ?» ብቻ ይበሉ። ሻጩ «ወፍራም ይሁን ቀጭን?» ካለዎት «ወፍራም ይሻላል» ብለው ይመልሱ። ዘይት በወፈረ ቁጥር ሞተር ይጠብቃል የሚለው እምነት በከተማችን ሥር ሰዷል፤ ይመኑት። 20ደብሊው-50 የተጻፈበትን ይግዙና ለ0ደብሊው-20 ወይም ለ5ደብሊው-30 ታስቦ በተሠራ ሞተር ውስጥ ያንቆርቁሩ።

ቁጥሮቹ የሚሉትን ለማወቅ ግን የመካኒክ ትምህርት አያስፈልግም። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል፤ ሲያንስ ይቀላል። ከኋላ ያለው ሞተሩ ከጋለ በኋላ፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚኖረው ውፍረት ነው። በዚያ ሙቀት 50 የተባለው ዘይት 20 ከተባለው እጥፍ ገደማ ይወፍራል፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ እንደ አውሮፓ ያለ በረዶ ስለሌለ የፊተኛው ቁጥር አይመለከተንም የሚሉ አሉ። ይመለከተናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ መኪናውን ሲያስነሱ ዘይቱ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ወርዶ ተኝቷል። እስኪወጣና ላይ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ድረስ እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። ወፍራሙ ዘይት እነዚያን ሰከንዶች ያስረዝማል።

ሞተሩ ከጋለም በኋላ ነገሩ አይስተካከልም። ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ መካኒኮች ኮሎ የሚሉት፣ በዙሪያው ከሚይዙት ብሮንዚኖች ጋር ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ዘንጉ ብረቱን ሳይነካ በዘይት ላይ ተንሳፎ የሚሽከረከረው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። የክፍተቷ ስፋትና የዘይቱ ውፍረት አብረው ተሰልተው ነው ሞተሩ የተሠራው። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ሥርዓት የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ፣ ያለ ልኩ የወፈረ ዘይት ጉልበት ያሳጣል፤ ቤንዚንም ያስበላል።

ድምፅ ሲመጣም ወይም ሰማያዊ ጭስ ሲታይ መልስዎ አሁንም ወፍራም ዘይት ይሁን። በእርግጥ ለጊዜው ዝም ያሰኛል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። ያለቀውን የፒስቶን ፋሻና የተበላውን ብሮንዚን ግን አይመልስም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት መኪና ሊሸጡ ያዘጋጁ ሰዎች ናቸው። ገዢ ከመምጣቱ በፊት ወፍራም ዘይት ይጨምሩና ሞተሩን አሙቀው ይጠብቃሉ። እርስዎም መኪና ሲገዙ ሞተሩ ሞቆ ሲያገኙት ደስ ይበልዎት፤ ነገ ጠዋት ቀዝቅዞ ላየው አይበሉ። የዘይት መለኪያ ዘንጉንም መዘው አይመልከቱ። ገንዘቡን ከከፈሉ በኋላ የሚመጣው ጭስ የእርስዎ ነው፤ ከደላላው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

በዕቃው ላይ የተጻፉትን ትንንሽ ፊደላትም ይዝለሏቸው። የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ ለቤንዚን ሞተር በኤስ፣ ለናፍጣ በሲ የሚጀምር ደረጃ ይሰጣል። የኤስ ደረጃዎች በፊደል ተራ እየቀጠሉ ይሄዳሉ፤ ኋላ የመጣው ከቀደመው ይሻላል። ኤስኤ የተባለው ምንም ተጨማሪ ኬሚካል የሌለበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1930 በኋላ ለተሠራ ሞተር አይሆንም። ኤስኤፍ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩት ብቁ አይደለም። ኤስፒ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የመጣ ነው። መለያው ላይ የሚያብረቀርቅ የእሽቅድምድም መኪና ሥዕል ኖሮ ከኋላ ኤስኤፍ የሚል ዘይት ካገኙ ለመግደሉ ሥራ ይስማማዎታል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኋላ የቀረ ዘይት ነው። ለሞተሩ ለሚያስብ ሰው ግን በዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ከዋጋ ክርክር በፊት መቅደም አለበት።

ባዶውን ጄሪካን ሳይበሱ ለቆራሌው ይስጡ። ክዳኑና መለያው ያልተበላሸ ዕቃ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ተመልሶ ሊሸጥ ይችላል፤ ገዢው የእርስዎ ወንድም ሊሆን ይችላል። አንድ ቢላዋ ወይም ምስማር ይህን ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው መግደያ ደርሰናል፦ መቼ ይቀየር የሚለው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ ይመኑ። ላቫጆ ላይ ወይም ማደያው ውስጥ ዘይት ሲቀይሩ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የሚቀጥለውን ኪሎ ሜትር ይነግርዎታል፤ ቀኑ የሚጻፍበት መስመር ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ባዶ ይሁን፤ አያስሞሉት።

እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ማስላት ይጠቅማል። በአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳ 5,000 ኪሎ ሜትር የጨረሰ ሰው ሞተሩ የሠራለት 62 ሰዓት ተኩል ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መገናኛ እየተገፋ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ሰው ያንኑ 5,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ሞተሩ 333 ሰዓት ይሠራል። በር ላይ የተለጠፉት ወረቀቶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሁለቱ ዘይት ድካም ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ይለያያል። ሰልፍ ይዞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሚኒባስማ ሞተሩ እየዞረ ቆጣሪው ፈጽሞ የማይንቀሳቀስበት ጊዜ ስንት ነው! ባለቤቱ የቀኑን ገቢ ይጠብቃል፤ ሹፌሩ ዘይቱ የባለቤቱ ጉዳይ ነው ይላል፤ ሞተሩ በሁለቱ መሀል ያልቃል።

መኪናው ሲቆምና ሲገፋ ያልተቃጠለ ቤንዚን ፋሻዎቹን አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ያቀጥነዋል። ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይቀላቀላል። ከዚህ የሚፈጠረውን አሲድ እንዲያመክኑ ዘይቱ ውስጥ የተጨመሩት ኬሚካሎች ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ ዘይቱ እየወፈረ፣ እየጠቆረ ጭቃ ይሆንና የቴስታታውን መተላለፊያዎች ይደፍናል። የመኪና አምራቾች ይህን ያውቁታል። ብዙዎቹ መመሪያዎች ለተለመደ አነዳድ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም የተወሰነ ወር፣ ለከባድ ሁኔታ ደግሞ የዚያን ግማሽ ይጽፋሉ። ከባድ የሚሉት አቧራን፣ አጫጭር ጉዞንና ቆሞ ብዙ መሥራትን ነው። አዲስ አበባ ሦስቱንም አሟልታለች። ሙሉ ሲንተቲክ ነው፣ 15,000 ይሄዳል ቢሉዎት ይመኑ፤ ሙቀቱን በእርግጥ የተሻለ ይችላል፣ ውሃና ቤንዚን ሲገባበት ግን እሱም ይረክሳል።

ውጭ አገር ሆነው ግቢ ውስጥ መኪና ያስቀመጡም አይቅርባቸው። ዘበኛው ባትሪው እንዳይሞት በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ እንዲያጠፋት ያዝዙ። አምስት ደቂቃ ዘይቱን አያግለውም፤ ውሃውም አይተንም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይጠራቀማል፣ ቆጣሪው አንድም ኪሎ ሜትር አይጨምርም። በዓመቱ ሲመጡ ወረቀቱ ገና ብዙ ይቀረዋል ይልዎታል። ለእንዲህ ያለች መኪና የሚሻለው እስክትግል ዞር ዞር ማድረግ፣ ወይም የባትሪውን ገመድ ፈቶ መተው፣ ዘይቱንም በዓመቱ መቀየር ነው።

ሲቀይሩ ፊልትሮውን ይተዉት። ዋጋው ከዘይቱ ያንሳል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። የተደፈነ ፊልትሮ ዘይት አያስቀርም፤ ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ ውስጡ ያለች ቫልቭ ትከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። የብረት ብናኙ አብሮ ይዞራል፤ እርስዎ ምንም አይሰሙም፤ አዲሱ ዘይትም በመጀመሪያው ቀን ይቆሽሻል።

መጠኑን በዓይን ይገምቱ። ባለ አንድ ሊትር ሞተር ቪትዝ ፊልትሮው ጭምር ከ3 ሊትር ብዙም የማይበልጥ ነው የሚይዘው፤ ባለ 4 ሊትሩን ገዝቻለሁና ይቅርብኝ አልልም ብለው ሁሉንም ይጨምሩ። የተረፈው ዘይት በሚሽከረከረው ዘንግ ይመታና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አይሸከምም። ማነሱም እንዲሁ ይገድላል። ትክክለኛው አለካክ ቀላል ነው፦ ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ መለኪያ ዘንጉን መዞ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ማየት። በሁለቱ ምልክቶች መሀል ይሁን። ቀለሙን ዓይተው አይፍረዱ፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ ቆሻሻውን ስለያዘ ነውና ሥራውን እየሠራ ነው።

የወረደውን የተቃጠለ ዘይት ቱቦ ውስጥ ይድፉት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የአንድ ጊዜ ቅያሬ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የከተማችን ቱቦዎች ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳሉ፤ በአቃቂ ውሃ የሚጠጣው ጎመንና ሰላጣ ወደ ገበያችን ይመለሳል። ለምስጥ መከላከያ ተብሎ አጥር እንጨት ላይ በባዶ እጅ የሚቀባውም ያው ዘይት ነው፤ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ውህዶች ተጠራቅመውበታል። በጄሪካን አድርጎ ለሚሰበስብ ማደያ ወይም ጋራዥ መስጠት ምንም አያስከፍልም፤ እምቢ የሚል ቢኖር እስኪቀበል መጠየቅ ይገባናል።

ይህን ሁሉ ፈጽመው ሞተሩ ገና ካልሞተ የመጨረሻው ሥራ ይቀራል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የማንቆርቆሪያ ምልክት ሲበራ «ጋራዡ ቅርብ ነው» ብለው መንዳትዎን ይቀጥሉ። ያ መብራት የሚናገረው የዘይት መጠን ትንሽ ቀነሰ ብሎ አይደለም፤ ግፊቱ ጠፍቷል፣ ኮሎው አሁን ብረት ለብረት እየሄደ ነው ማለቱ ነው። ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ብሮንዚኑን ለማቅለጥ ይበቃሉ። መኪናውን ማዳን የሚሻ ሰው ዳር ይዞ ወዲያው ያጠፋል፤ ዘይቱን ይለካል፤ ካነሰ ይሞላል፤ ሞልቶትም መብራቱ ካልጠፋ ሞተሩን ደግሞ ሳያስነሳ መኪናውን በጎታች ያስወስዳል። የጎታቹ ዋጋ ውድ ቢመስልም ከሞተር ማውረጃ ጋር የሚወዳደር አይደለም።