የቀሳሚዎች አለቃ

በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በአንድ ገበሬ ጓሮ፣ አንድ ያረጀ ቀፎ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ መስኩን አለበሰው፤ መጩ ፈካ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ኑግም ሊያብብ ጥቂት ቀናት ቀሩት። ለንብ ከዚህ የሚበልጥ የሥራ ወቅት የለም። በዚሁ ሰሞን ቀሳሚዎቹን ትመራ የነበረችው አለቃ አንድ ማለዳ ወደ መስክ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች።

አንጋፋዎቹ ተሰበሰቡ። አውራዋ ሰው እንደሚያስበው ቀፎውን በትእዛዝ አታስተዳድርም፤ ሥራዋ ቀንና ሌሊት እንቁላል መጣል ነው። ማን የት ይሂድ፣ ማን ምን ይሥራ የሚለው በሠራተኞቹ እጅ ነው። ምክክሩ ብዙ አልፈጀም። «ከሁላችን አብልጣ የምትቀስመው ማን ናት?» ተባለ። «በላይነሽ!» አሉ ባንድ ድምፅ። እውነትም ነው፤ ሌሎቹ አንድ ጊዜ ሲመላለሱ እሷ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፤ ነፋስም አያስቆማትም። ሾሟት። ማንን አስተምራ ታውቅ እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም። በየመሥሪያ ቤታችንም የሚደረገው ይኸው ነው፤ ጎበዙ ሻጭ የሽያጭ ኃላፊ፣ ጎበዙ መሐንዲስ የክፍል ኃላፊ ይሆናል፤ ከማግስቱ ጀምሮ የሚጠብቀው ሥራ ሌላ ሙያ መሆኑን ግን የሚነግረው አያገኝም።

በዚያ ቀፎ የቆየ ሥርዓት ነበር። አዲስ ንብ ክንፍ ስታወጣ በቀጥታ ወደ አበባ አትበርም። መጀመሪያ የእንጀራውን ጉድጓዶች ታጸዳለች፤ ቀጥላ እጮቹን ትመግባለች፤ ሰም አውጥታ እንጀራ ትሠራለች፤ በር ትጠብቃለች። መስክ የምትወጣው በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። በሥራ ወራት የሠራተኛ ንብ ዕድሜ ከ6 ሳምንት ብዙም ስለማያልፍ የሕይወቷ እኩሌታ በመሰናዶ ያልፋል ማለት ነው።

ከመሰናዶው ሁሉ የሚከብደው ውዝዋዜው ነው። አበባ ያገኘች ቀሳሚ ስትመለስ በእንጀራው ላይ ቀጥ ብላ እየሄደች ሆዷን ታወዛውዛለች፤ ዞራ ትመለስና ትደግመዋለች። ቀፎው ውስጥ ጨለማ ስለሆነ ፀሐይ አትታይም፤ ስለዚህ ወደ ላይ ማለት ወደ ፀሐይ ማለት ነው። አበባው ከፀሐይ በስተቀኝ ከሆነ ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ትወዛወዛለች። ርቀቱን የምትናገረው በውዝዋዜው ቆይታ ነው፤ አንድ ሰከንድ ያህል ከተወዛወዘች አበባው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህን ቋንቋ ፈትቶ ለሰው ያስረዳው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ወጣቶቹ ንቦች ራሳቸው ከመወዛወዛቸው በፊት ከአንጋፋዎቹ ኋላ ኋላ እየተከተሉ፣ በአንቴናቸው እየዳሰሱ ያጠኑታል። ነገሩን ለማያውቅ ግን ሥራ ፈትተው የሚንጋጉ ይመስላሉ።

በላይነሽም የመሰላት እንደዚያ ነበር። በተሾመች በሁለተኛው ቀን ወደ ውዝዋዜው ሜዳ መጣችና ተከታዮቹን አየች።

«እነዚህ ምን እየሠሩ ነው?» አለች።

«እየተማሩ ነው» አሉ እማማ ጽጌ። ክንፋቸው ሳስቶ ከመስክ የቀሩ፣ በቀፎው የሚከበሩ አንጋፋ ወዝዋዥ ናቸው።

«አበባው ሳይረግፍ ነው መድረስ ያለብን፣ እማማ። የሚወዛወዘው ይወዛወዝ፤ የቀረው ወለላ ይረከብ።»

ወጣቶቹን አስነሥታ ወደ እንጀራው ሥራ ሰደደቻቸው። ራሷም ከመስክ አልቀረችም። አንዷ ስትዘገይ ካየች «ተይው፣ እኔ እሄዳለሁ» ትላለች፤ የሌላዋ ውዝዋዜ ካላማራት ገፋ አድርጋት እሷው ትወዛወዛለች። ይህን የምታደርገው ከክፋት አልነበረም። ቀፎዋን ትወዳለች፤ ሥራው በእሷ እጅ ቶሎና በጥራት እንደሚያልቅም ታውቃለች። የጎበዝ አለቃ ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ እጁ ስለሚቀድመው የሌላው እጅ ሳይፈታ ይቀራል።

በመጀመሪያው ሳምንት የገባው ወለላ ካለፈው ዓመት በለጠ። አንጋፋዎቹ ተደሰቱ። ሒሳቡም ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ያስገቡት የቀድሞዋ አለቃ ያሠለጠነቻቸው ቀሳሚዎች ናቸው። የአንድ አለቃ ሥራ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ቁጥር ሲመዘን ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ድካም ነው፤ የእሱ የራሱ ገና አልደረሰም።

በሁለተኛው ሳምንት አንጋፋዎቹ እንደ ወጉ አንድ በአንድ ከመስክ ቀሩ። በፈንታቸው ማንንም ሳይከተሉ ያደጉት ወጣቶች ወጡ። ከእነሱ አንዷ እንቡጥ ትባላለች። እንቡጥ ከወንዙ ማዶ ኑጉ አብቦ አገኘችና በደስታ ከንፋ መጥታ ተወዛወዘች። መስመሩ ይዘላል፤ ዘንበል ማለት ያለባት ወደ ቀኝ ሲሆን እሷ ወደ ግራ ዘነበለች፤ ርዝመቱም ከልክ አለፈ። አርባ ንቦች እሷን አምነው ወጡና ከባሕር ዛፉ ጀርባ ካለው ድንጋያማ ገደል ላይ ዋሉ። የተመለሱት ማምሻውን ነው፣ ባዶአቸውን።

በላይነሽ ሁሉም በተሰበሰበበት ጠራቻት። «አርባ ንብ አስርበሽ ዋልሽ! ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖረሽ ግራና ቀኝ አታውቂም?» እንቡጥ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ በሜዳው ዙሪያ የቆሙት ሁሉ አንድ ነገር ተማሩ፤ የተማሩት ግን በላይነሽ ያሰበችውን አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ አበባ ያገኘ ሁሉ አይናገርም። እንቡጥ እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከቀፎው ብዙ ሳይርቅ፣ ያልተነካ የመጭ መስክ አግኝታ የራሷን ጭነት ብቻ ይዛ ገባችና ዝም አለች። ብትሳሳት የሚደርስባትን ታውቃለች፤ ዝም ብትል ግን ማንም አይጠይቃትም። በላይነሽ ይህን ስንፍና ብላ ጠራችው። በቁጣዋ ላይ ቁጣ ጨመረች፤ እሷም ይበልጥ በረረች።

በሦስተኛው ሳምንት ድንገተኛ በረዶ ወርዶ በመንገድ አገኛትና አንድ ክንፏን ቀደደው። እየተሳበች ገባች። ከእንግዲህ መብረር የለም። ከተሾመች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በውዝዋዜው ሜዳ ዳር ተቀምጣ ዋለች። እማማ ጽጌ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«እማማ፣ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።»

«መጀመሪያ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ሜዳው ባዶ ነው። አንድም የሚወዛወዝ የለም።»

«ለምን ይመስልሻል?»

«አበባ ስላላገኙ...» አለችና አቆመች። የገቡትን ንቦች እግር ስታይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመዋል። «አይደለም፤ አግኝተዋል። መናገር ፈርተው ነው።»

እማማ ጽጌ ዝም አሉ። ማንን እንደፈሩ መንገር ይችሉ ነበር፤ አልነገሯትም። ብዙ አለቆች የማይችሉት ይህን ዝምታ ነው፤ ሠራተኛው አስቦ ሊደርስበት አንድ እርምጃ የቀረውን መልስ ከአፉ ይነጥቁታል።

«እኔን ነው የፈሩት» አለች በላይነሽ በመጨረሻ።

«ነገ ምን ትሞክሪያለሽ?»

በማግስቱ እንቡጥን ለብቻዋ ወደ እንጀራው ጥግ ወሰደቻት። ስለ አርባዎቹ ንቦች አላነሳችም። «ኑጉን ያገኘሽ ቀን ወደዚያ ስትበሪ ፀሐይ በየት በኩልሽ ነበረች?» ብላ ጠየቀቻት።

እንቡጥ አመነታች። «በግራዬ፣ እትዬ።»

«አበባውስ ከፀሐይ ወደየት ሆነ?»

«ወደ... ቀኝ።»

«ስትወዛወዢ ወደየት ዘነበልሽ?»

እንቡጥ ራሷ ደነገጠች። «ወደ ግራ! የፀሐይን ቦታ ነው ያሳየሁት፤ የአበባውን አይደለም!» ብላ ማንም ሳያዛት ሮጣ ሜዳው ላይ ወጣች። የዚያን ቀን ያሳየችው አቅጣጫ ትክክል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሁለት ወጣቶች መጥተው በላይነሽ አጠገብ ቆሙ። እሷም ዝም ባሉበት ሰሞን የት የት አበባ እንዳገኙ ጠየቀቻቸው፤ የመጩ መስክም ያኔ ታወቀ። በማታው ስብሰባ፣ እንቡጥን በወቀሰችበት በዚያው ቦታ ቆማ፣ ጥፋቱ ያላስተማረችው የእሷ እንደነበረ ለሁሉም ተናገረች።

ርቀቱ ግን አልተስተካከለም። እንቡጥና እኩዮቿ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነውን ሁልጊዜ አስረዝመው ያሳያሉ። በላይነሽ ጠየቀች፤ እማማ ጽጌ አሳዩ፤ ወጣቶቹም ደጋግመው ሞከሩ፤ ሊታረም አልቻለም። ስለዚህ የሚቻለውን አደረገች። «ከእንቡጥ አቅጣጫውን ያዙ፤ ከሰውነቷ ያለውን የአበባ መዓዛም አሽትቱ፤ መንገድ ላይ ያ መዓዛ ከሸተታችሁ እዚያው ውረዱ» አለቻቸው። ብዙዎቹ በዚህ ዘዴ አበባው ጋ ደረሱ፤ አንዳንዶቹ አልፈውት እየሄዱ ደከሙ።

በላይነሽ የተሾመች ቀን የተጣለው እንቁላል በ21ኛው ቀን ንብ ሆኖ ወጣ። እነዚህ አዲሶች ጽዳቱንና ምግቡን ሲጨርሱ ማንም ከውዝዋዜው ሜዳ እንዳያስነሳቸው አደረገች። ከአንጋፋዎቹ የቀሩትን ጥቂት ቀሳሚዎች ከመስክ ሲመለሱ «ቶሎ ውጡ» ማለት ትታ፣ ውዝዋዜያቸውን ደጋግመው እንዲያሳዩ ጊዜ ሰጠቻቸው። የዕለቱ ወለላ ቀነሰ። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ እሷ ግን ከሜዳው ዳር አልተነሳችም፤ አዲሶቹ ሲከተሉ አየች፣ ጠየቀች፣ ሰማች። ሲወዛወዙ ለማየት አልደረሰችም፤ ጥቅምት ሳይጋመስ ሞተች።

በሕዳር ገበሬው ጥንጁት አጭሶ ቀፎውን ከፈተ። ከእንጀራዎቹ ገሚሶቹ ሞልተዋል፤ ገሚሶቹ ባዶ ነበሩ። ዓመቱ የማር ዓመት አልሆነም። ግራዋው ሲያብብ በሜዳው ላይ ይወዛወዙ የነበሩት ግን ርቀት የማይስቱ ንቦች ነበሩ፤ ከበላይነሽ አዲሶች የተማሩት።

ተረቱ ይኸው ነው፤ የርቀቱ ነገር ግን ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ አንጋፋ ሳይከተሉ መወዛወዝ የጀመሩ ንቦች አቅጣጫም ርቀትም እንደሚስቱ አሳይቷል። የአቅጣጫው ስህተት በልምምድ ይሻሻላል፤ የርቀቱ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አብሯቸው ይኖራል። ዘንድሮ አዲስ ሠራተኛ የተቀበላችሁ አለቆች፣ እባካችሁ እነዚያን የመጀመሪያ ሳምንታት ለጥድፊያ አትስጡባቸው፤ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ኋላ እንዲከተሉ ጊዜ ስጧቸው፤ ምን እንዳዩም ጠይቋቸው።