የቆላ ሃይስኩል፦ ጠባዩና የዘመን አቆጣጠሩ

ለመጥፋት የተቃረበችውን የሊበን ሜዳ ትንሽ ወፍ ለማየት ከባሕር ማዶ ሊቃውንት ነጌሌ ቦረና ድረስ ይመላለሳሉ። ለመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ግን የርቀት መነጽር ይዞ የመጣ የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

ከነጌሌ እስከ ያቤሎና ሞያሌ፣ ሃይስኩል የሚለየው በቸርኬው ነው። ከግራር ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የከባድ መኪና ቸርኬ ሲሆን፣ ዘበኛው በብረት ሲመታው ክፍለ ጊዜ ይጀመራል። እርግጥ ነው፣ ትምህርቱ የሚጀመረው መምህሩ ከሻይ ቤት ሲመለስ ነው። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት በገባ ጊዜ የቸርኬው ዘመን አብቅቷል ያሉ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቅ፣ ትንሽ ይታገስ፣ ከዚያም ማንም ሳይመልስ «ጎበዞች» ይል ነበር። እንዲህ ያለ ቅን መምህር ከዚያ ወዲህ አልታየም። መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ይጠፋ ነበር፤ ቸርኬው መብራት አይፈልግም።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ሰፋ ያለ ትንተና ይጠይቃል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው «ለክረምት» ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደጋው ይዘንባል፣ ጭቃ ይሆናል፣ ወንዝ ይሞላል። ቦረና ላይ ግን እነዚያ ወራት ደረቅ ናቸው። ዋናው ዝናብ፣ ጋና የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ትንሹ ዝናብ ሀገያ ደግሞ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ተማሪው ባልዘነበበት ክረምት ቤቱ ያርፋል፤ ሲዘንብ ክፍል ይገባል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ይታያል፤ አንዳንዱ እንደ ፕላዝማው ዘመን ተማሪውን በጅምላ አመስግኖ ይወጣል። ዝናቡ የቀረ እንደሆነም ችግር አለ፤ ከብት ተከትሎ ፎራ፣ ማለት ወደ ሩቅ ግጦሽ፣ የወረደ ልጅ በስም ጥሪ ላይ «ቀሪ» ይባላል። ከብቱ ግን ሄዶ ነው የተረፈው።

ነጌሌ በታሪክ ትምህርት ድርሻ አላት። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ጦር በምግብና በውሃ ተማሮ አደመ፤ ጉዳዩን ሊያዩ የመጡትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ የሚበላውን አበላቸው፣ የሚጠጣውን አጠጣቸው። አብዮቱን ከዚህ የሚጀምሩ ጸሐፍት ብዙ ናቸው። ይህን ክፍል ተማሪው ማስታወሻ ሳይዝ ይረዳዋል። በር ላይ የሚሰማው ምልልስ ማስረጃ ይሆናል፦

«ኦቦ፣ ውሃ ልጠጣ ልውጣ።»

«ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ አይደል?»

«ቧንቧው አለ።»

ዘበኛው ይከፍታል። የሚመለስ ይመለሳል፤ የፎረፈውም በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ ለቀጣዩ ስም ጥሪ ይደርሳል። ቀዳዳው ከዳይሬክተሮች ሁሉ ረጅም የአገልግሎት ዘመን አለው፤ ፍየሎችም ይጠቀሙበታል።

በመጨረሻም አጤሬራ። በመዳፍ የምትሸፈን ወረቀት ላይ የአንድ ዓመት ባዮሎጂ የሚያሰፍረው ይህ አገር በቀል የጽሕፈት ጥበብ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መባቻ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር በር ላይ ተፈትሾ ቀረ። ውጤት ሲወጣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በዚህም የአጤሬራ አስተዋጽኦ ለመጀመሪያ ጊዜ በአኃዝ ሊለካ ቻለ።